የፎስተር ኬር ልጆችና ኮሌጅ፦ «መንግሥት ሁሉን ይከፍልላቸዋል» ላሉት ወንድማችን የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው እንደ እኔው የዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪ ናቸው። በፎስተር ኬር (ፍርድ ቤት ከወላጆቻቸው የለያቸው ልጆች በመንግሥት ኃላፊነት በሌላ ሰው ቤት በሚያድጉበት ሥርዓት) አድገው ለኮሌጅ የደረሱ ወጣቶችን የሐበሻ ቤተሰቦች እንዲቀበሉና እስኪመረቁ እንዲደግፉ በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ የሚቀርበውን ጥሪ ይቃወማሉ። መንግሥት የትምህርት ወጪያቸውን ስለሚችል የጎደላቸው ፍላጎት ብቻ ነው ይላሉ። 18 ዓመት የሞላውን ሰው መደገፍ ጥገኝነትን ማስተማር ነው፤ ድጋፉ ዲግሪ እንደማያስገኝም በጥናት ታይቷል፤ ኮሌጅ ከሚንገላቱ ሙያ ይዘው ሥራ ቢገቡ ይሻላቸዋል፤ እኛም ባዶ እጃችንን መጥተን ራሳችንን አስተምረናል፤ በመጨረሻም የሰው ልጅ ቤት አስገብቶ ከሕግ ጋር መነካካት ለእኛ አይበጅም ይላሉ።

ጽሑፋቸው በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፤ ብዙ ሰው በልቡ የሚያስበውንም በግልጽ አውጥተውታል። መልስ የሚገባውም ለዚህ ነው። እኔ ለዓመታት በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆችን በቤቴ ተቀብያለሁ፤ ኮሌጅ የገቡትንም ተከትዬ ከኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ (ፋይናንሻል ኤይድ) ቢሮ ደጃፍ ብዙ ቆሜያለሁ። ጸሐፊው ያሉትን እየተከተልኩ ያየሁትንና የማውቀውን እጽፋለሁ።

ከገንዘቡ እንጀምር። ጸሐፊው «ሁሉም ነገር ተከፍሎላቸዋል» ሲሉ የጠቀሷቸው ድጋፎች በእርግጥም አሉ። ፔል ግራንት የተባለው የማይመለስ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ለ2024–25 የትምህርት ዓመት ከፍተኛ ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። በሴኔተር ጆን ቼፊ ስም የሚጠራው ፕሮግራም በፎስተር ኬር ላለፉ ወጣቶች ለኮሌጅም ሆነ ለሙያ ትምህርት በዓመት እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣል። ይህንንም ወጣቱ እስከ 26 ዓመቱ፣ በጠቅላላው ከአምስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ያገኛል። ሜሪላንድ በመንግሥት ኮሌጆቿ የትምህርት ክፍያውን ታነሳላቸዋለች። ቴክሳስም ከ1993 ጀምሮ እንዲሁ ታደርጋለች። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ሲሞሉም ከ13 ዓመታቸው በኋላ በማንኛውም ጊዜ በፎስተር ኬር ከነበሩ የወላጅ ገቢ ሳይጠየቁ ራሳቸውን እንደቻሉ ይቆጠራሉ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ገንዘብ ግን ትምህርት ሲጀመር ከልጁ እጅ አይገኝም። እስኪደርስ ድረስ ለልጁ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

አንድ ጊዜ ያየሁትን ላስረዳ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ) ተመዝግቧል፤ ክፍያው በሕግ ተነስቶለታል። ኦገስት ላይ ቢሮው «ከ13 ዓመትህ በኋላ በፎስተር ኬር እንደነበርክ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አምጣ» አለው። ደብዳቤውን የሚጽፈው ኬዝ ወርከሩ፣ ማለትም ጉዳዩን የሚከታተለው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የሚያውቃት ኬዝ ወርከር ሥራ ለቃለች፤ የተተካው ሰው ፋይሉን ገና አላየም፤ ስልኩም አይነሳም። ልጁ መስኮቱ ላይ ቆሞ ያለችውን ወረቀት ሁሉ ከቦርሳው እያወጣ ይደረድራል፦ የጤና መድን ካርድ፣ የድሮ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የከተማ አውቶቡስ ካርድ። ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የምትፈልገው ወረቀት አለመኖሩን ብቻ ነገረችው። ደብዳቤው እስኪመጣ የክፍያ ቀነ ገደቡ አለፈና ኮምፒዩተሩ ከተመዘገበባቸው ክፍሎች ሰረዘው። ደብዳቤው ሲደርስ የሒሳብ ክፍሉ ሞልቷል፤ ሌላው ክፍል ደግሞ ከሥራ ሰዓቱ ጋር ይጋጫል። የእኔ ልጅ ቢሆን ኖሮ እኔ በማግሥቱ ሥራ አስፈቅጄ ቢሮው ድረስ እሄድ ነበር፤ ካልሆነም በክሬዲት ካርዴ ከፍዬ ኋላ አስመልስ ነበር። ይህ ልጅ ማን ይሂድለት? በማንስ ካርድ ይክፈል?

ክፍያ ይነሳል ሲባልም የሚነሳው የትምህርቱ ክፍያ ነው። የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ መጽሐፍ፣ ላፕቶፕ በዚያ ውስጥ የሉም። አምስት ሺህ ዶላሩ ፕሮግራሙ ሲጀመር፣ ከሃያ ዓመት በፊት የተቆረጠ ጣሪያ ነው። በኮቪድ ጊዜ ኮንግረስ ራሱ እንደማይበቃ አይቶ ለጊዜው ወደ 12,000 አነሳው፤ ጊዜው ሲያልፍ ግን ወደነበረበት ተመለሰ። በዚያን ዘመን በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ክፍል በስንት ይከራይ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ዛሬ አምስት ሺህ ዶላር ስንት ወር እንደሚያኖር ያውቃል።

ሌላው ጸሐፊው ያላነሱት የመውደቂያው ሥርዓት ነው። የፌዴራል ድጋፍ የሚቀጥለው ተማሪው በቂ ውጤት እያመጣ ከሄደ ብቻ ነው፤ በአብዛኛው ኮሌጅ የሚፈለገው ከ2.0 ያላነሰ አማካይ ውጤትና ከተመዘገበባቸው ክሬዲቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ማለፍ ነው። ሴሚስተሩ 60 በመቶው ሳይሞላ ካቋረጠ ከተሰጠው ገንዘብ ከፊሉ ተመላሽ ይሆናል፤ ኮሌጁ ከራሱ የመለሰውንም ከተማሪው ይጠይቃል። ዕዳው ሳይከፈል ደግሞ በሚቀጥለው ሴሚስተር መመዝገብ አይቻልም። ወላጅ ያለው ተማሪ እንዲህ ሲገጥመው ቤት ይገባል፣ ዕዳው ይከፈልለታል፣ ይግባኝ ይጻፍለታል። ይግባኝ የሚባል ነገር እንዳለ እንኳ ለዚህ ልጅ የሚነግረው ሰው ከሌለ በአንድ መጥፎ ሴሚስተር ድጋፉን ሁሉ ያጣል። ውጭ ሆነን ስናየው ግን «ገንዘብ ተሰጥቶት አቋረጠ» እንላለን።

ፍላጎትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በፎስተር ኬር ያሉ የ17 እና የ18 ዓመት ልጆች ሲጠየቁ ከአሥሩ ስምንት የሚሆኑት ኮሌጅ መማር እንደሚፈልጉ ተናግረዋል። ጸሐፊው ይህን ፍላጎት ያላዩት ስለሌለ አይመስለኝም፤ ልጆቹን ቀርበው ስላላነጋገሩ ነው።

«18 ዓመት የሞላው አዋቂ ነው፤ መደገፍ ጥገኛ ማድረግ ነው» የሚለው ሁለተኛው ነጥባቸው ነው። በዚህ ላይ ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቃቸው አለ፦ ልጅዎ 18 ዓመት በሞላበት ቀን ዕቃውን ይዞ እንዲወጣ ነግረውታል? በእኛ ቤት ይህ ተሰምቶም አይታወቅም። ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ፍሪጃቸውን እኛ እንሞላለን፤ ስልካቸው በእኛ ስም ነው፤ የመኪና ኢንሹራንሳቸውም እንዲሁ። አገሩም ይህን ያውቃል። የ2010 የጤና ሕግ ልጅ እስከ 26 ዓመቱ በወላጁ የጤና መድን ውስጥ እንዲቆይ የፈቀደው ለዚህ ነው። ያው ሕግ በ18 ዓመታቸው በፎስተር ኬር ለነበሩ ልጆችም እስከ 26 ዓመት ሜዲኬይድ የተባለውን የመንግሥት የጤና መድን ሰጥቷል። ሕግ አውጪዎቹ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዕድሜ መቁረጣቸው ይታይልኝ። የጸሐፊውን ልጅ ጥገኛ ያላደረገው ነገር ወላጅ የሌለውን ልጅ ለይቶ ጥገኛ የሚያደርገው በምን ምክንያት ነው?

በዚያ ላይ ጸሐፊው ጥገኝነት ያሉት ድጋፍ በነጻ የሚሰጥ አይደለም። በ2008 የወጣው የፌዴራል ሕግ ክፍለ ግዛቶች ልጆችን እስከ 21 ዓመት በፎስተር ኬር እንዲያቆዩ ገንዘብ ሲፈቅድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። ወጣቱ ሃይስኩል እየጨረሰ፣ ወይም ኮሌጅ ወይም የሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ወይም በወር ቢያንስ 80 ሰዓት እየሠራ፣ ወይም ለሥራ በሚያዘጋጅ ፕሮግራም ውስጥ መሆን አለበት፤ ነጻ የሚሆነው በሕመም ወይም በጉዳት ምክንያት የማይችል ብቻ ነው። ዲሲና ሜሪላንድ እስከ 21 ያቆያሉ፤ ቨርጂንያም ከ2016 ጀምሮ እንዲሁ ታደርጋለች። ቤት ቁጭ ብሎ የሚበላ ልጅ በዚህ ሕግ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሦስተኛው ነጥባቸው ከሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ እኔም ረዘም ያለ ጊዜ እሰጠዋለሁ። «እስከ 21 ዓመት ቢደገፉም ዲግሪ አይዙም፤ ጥናቱ ይህን ይላል» ብለዋል። የጠቀሱት ጥናት በ2002 የተጀመረና በኢሊኖይ፣ በዊስኮንሲንና በአዮዋ በፎስተር ኬር የነበሩ ከሰባት መቶ በላይ ወጣቶችን እስከ 26 ዓመታቸው የተከተለ ነው። በዚያን ጊዜ ኢሊኖይ ልጆቹን እስከ 21 ታቆይ ነበር፤ ሁለቱ ግን በአብዛኛው በ18 ያሰናብቱ ነበር። ስለዚህ ጥናቱ ለማነጻጸር ጥሩ ዕድል ሰጠ። በ26 ዓመታቸው የሁለት ወይም የአራት ዓመት ዲግሪ የያዙት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተመሳሳይ ዕድሜ ካሉ ሌሎች ወጣቶች ግን 46 በመቶው ይዘዋል። የኢሊኖይ ልጆች ኮሌጅ በመግባትና የመጀመሪያውን ዓመት በመጨረስ ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ዲግሪ በመያዝ ረገድ ግን ልዩነቱ ጎልቶ አልታየም። ጸሐፊው የወሰዱት ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ነው።

እስቲ ዕድሜውን አብረን እንቁጠር። በፎስተር ኬር ያለ ልጅ ከቤት ወደ ቤት ሲዛወር ትምህርት ቤትም ይለውጣል። በየለውጡ አንዳንድ ክሬዲት ይጠፋል፤ አንዱ ትምህርት ቤት የቆጠረለትን ሌላው አይቆጥርለትም። በ2015 የወጣው የትምህርት ሕግ ልጁ ቤት ቢለውጥም በነበረበት ትምህርት ቤት እንዲቆይ መብት የሰጠው ይህ ጉዳት በግልጽ ስለታየ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ሃይስኩል የሚጨርሱት በ18 አይደለም፤ በ19 ነው። ከዚያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ይገባሉ፤ እየሠሩ ስለሚማሩ ሙሉ ክሬዲት አይወስዱም፤ አንዳንዱም በመጀመሪያ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ይወስዳል። 21 ዓመት ሲሞላቸው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናቸው። በዚያው ቀን ቤቱ፣ ወርሃዊው ገንዘብ፣ ኬዝ ወርከሩ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይቆማል። ለአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ዝውውር በሚሞላበት፣ የመኖሪያ ማስያዣ በሚከፈልበት ዓመት ማለት ነው።

ስለዚህ ያ ጥናት ለእኔ የሚነግረኝ ከጸሐፊው ጋር አይገናኝም። ድጋፉ እስካለበት ድረስ ሠርቷል፤ ልጆቹ ገብተዋል፣ የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሰዋል። ሥራው የቆመው ድጋፉ በቆመበት ቦታ ነው። ከዚህ ተነስቶ «ድጋፉ ይቅር» ማለት ከየት ይመጣል? እኔ የምለው ድጋፉ ይቀጥል ነው፤ በ21ኛው የልደት ቀን ሳይሆን በምረቃው ቀን ይለካ።

ይህንን ያደረጉ ኮሌጆችም አሉ። ካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፉለርተን በ1998 ጋርድያን ስኮላርስ የተባለውን ፕሮግራም ለእነዚህ ተማሪዎች ብቻ ጀመረ፤ ሌሎች ኮሌጆችም ተከተሉት። ዌስተርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ2008 የጀመረው ደግሞ በዚያው ተምሮ በወጣና ራሱ በፎስተር ኬር ባደገው በጆን ሴይታ ስም ይጠራል። በእነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ ልጁ ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ ስሙን የሚያውቅ፣ ሲጨንቀው የሚደወልለት፣ ክፍል ሲቀር የሚጠይቀው አንድ የተመደበ ሰው አለ። ዶርሙም (የተማሪዎች መኖሪያው) በዕረፍት ጊዜ አይዘጋበትም።

ስለ ዶርሙ ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ወላጅ ያለን ሰዎች ፈጽሞ የማናስበው ነገር ነው። በብዙ ኮሌጆች ዶርም በታንክስጊቪንግና በገና ይዘጋል። ዲሴምበር አጋማሽ ላይ «እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ ክፍላችሁን ለቃችሁ ውጡ» የሚል ኢሜይል ይመጣል። ለሌላው ተማሪ የደስታ ኢሜይል ነው። አንዲት የማውቃት ተማሪ ያን ኢሜይል ካነበበች በኋላ የመጨረሻ ፈተናዋን በምን ልብ እንደተቀመጠች አስቡት። ዕቃዋን በጥቁር የቆሻሻ ፕላስቲክ ሰብስባ በረንዳ ላይ አገኘኋት፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ሲያዛውሯትም ዕቃዋ የሚሄደው በዚያ ዓይነት ፕላስቲክ ነበር። የባዮሎጂ መጽሐፏ ከላይ ነበር፤ መንገድ ላይ ላጥናው ብላ። ካሊፎርኒያ በ2009 ባወጣችው ሕግ ዓመቱን ሙሉ ክፍት በሆኑ ዶርሞች ለእነዚህ ልጆች ቅድሚያ እንዲሰጣቸው አድርጋለች። በእኛ አካባቢ ግን ሦስት ሳምንት የሚያሳድር ቤዝመንት ካለው ሰው በላይ ፈጥኖ የሚደርስላቸው የለም።

ሙያ ይማሩ ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ይማሩ። ኤሌክትሪሺያን መሆን፣ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና፣ የነርስ ረዳትነት፣ ፀጉር ሥራ፣ ሁሉም የተከበረ እንጀራ ነው። የቼፊው አምስት ሺህ ዶላርም ለብቁ የሙያ ትምህርት ቤት ይሠራል። ነገር ግን ጸሐፊው ሙያን ያቀረቡት ድጋፍ እንደማያስፈልገው አድርገው ነው። መካኒክ የሚማር ልጅ የራሱን መሣሪያ ይገዛል። በክፍለ ግዛቶች መካከል የጭነት መኪና ለመንዳት ሕጉ 21 ዓመት ይጠይቃል፤ ሃይስኩል በ18 የጨረሰ ልጅ እስከዚያ የት ይደር? የክሊኒክ ልምምድ በማለዳ አንድ ሰዓት ሲጀምር አውቶቡስ ባልደረሰበት ማን ያደርሰው? ኮሌጅ ወይስ ሙያ የሚለው ምርጫ የልጁ ነው፤ አብሮት የሚሆን ሰው ግን በሁለቱም መንገድ ያስፈልገዋል። ደግሞም የራሳቸውን ልጆች «ዶክተር፣ ኢንጂነር» እያሉ የሚያሳድጉ ሰዎች ለሌላው ልጅ ገና ሳይፈተን ሙያን ሲመርጡለት ደስ አይለኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ። «እኛ ባዶ እጃችንን መጥተን፣ ፓርኪንግ እየሠራን፣ ታክሲ እየነዳን፣ ማታ እየተማርን እዚህ ደርሰናል። እነሱ እንግሊዝኛውን ከልጅነታቸው እየተናገሩ እንዴት ያቅታቸዋል?» ይላሉ። ይህን ክርክር በየለቅሶ ቤቱና በየሰርጉ እሰማለሁ። የከፈልነውን ዋጋ አላሳንስም፤ በሌሊት ፈረቃ እየሠራ ሞንጎመሪ ኮሌጅ የተማረ ሰው ድካሙ ድካም ነው።

ነገር ግን ባዶ እጃችንን አልመጣንም። ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለን ሰው ነበር፤ ዘመድ፣ የአገር ልጅ፣ ቢያንስ የጓደኛ ጓደኛ። የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍነው በዚያ ሰው ቤት ሶፋ ላይ ነው። ጃኬት የሰጠን፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ የወሰደን፣ መንጃ ፈቃድ ያለማመደን፣ «እኔ ያለሁበት ሥራ ሰው ይፈልጋሉ» ያለን ሰው ነበር። አፓርታማ ስንከራይ ክሬዲት፣ ማለትም የብድር ታሪክ፣ ስላልነበረን ዋስ ሆኖ የፈረመልን ሰው ነበር። ዕቁብ ገብተን የመጀመሪያውን ዕጣ ለምነን ወስደን መኪና ገዛን። ሐዘን ሲደርስብን ዕድሩ ቤቱን ሞላው። አገር ቤት ያለች እናት በስልክ «በርታ ልጄ» ትል ነበር፤ ስንወድቅ የምናፍርበት፣ ስናልፍ የምናስደስተው ሰው ነበረን። ያሻገረን ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው።

በፎስተር ኬር ያደገው ልጅ የሌለው ይኸው ነው። በችግር ምክንያት ፍርድ ቤት ከወላጆቹ ለይቶታል፤ አሳዳጊዎቹ ደሞዝተኛ ወይም በየጊዜው የሚለዋወጡ ናቸው፤ ዋስ የሚሆን አጎት የለውም። ክሬዲቱም እኛ እንደመጣንበት ቀን ባዶ ቢሆን ደግ ነበር። አንዳንዱ 18 ሲሞላው በስሙ ያልከፈለው የመብራትና የስልክ ዕዳ ያገኛል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ በብዙ እጅ ስላለፈ አንድ ሰው ተጠቅሞበታል። ይህ የተለመደ ስለሆነ የፌዴራል ሕግ በፎስተር ኬር ላለ ልጅ ከ14 ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ የክሬዲት ሪፖርቱ እንዲወጣለትና ስህተት ካለ ለማስተካከል እንዲረዳ ያዛል። እንግሊዝኛ መናገሩ ከዚህ አያድነውም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ብለን ያደግን ሕዝቦች ሰው የሌለውን ልጅ ከራሳችን ጋር አወዳድረን «እኛ ችለናል» ብንለው ፍርዱ የተስተካከለ አይደለም።

መጨረሻ ላይ ያነሱት የሕጉ ነገር ነው። «የእኛ ልጆች አይደሉም፤ ፖሊስና ሶሻል ወርከር ቤታችን ማስገባት ነው» ይላሉ። ከመጀመሪያው ልጀምር። አሜሪካ ከ1980 ገደማ ጀምሮ ያለ ወላጅ በስደት የመጡ ታዳጊዎችን በፎስተር ኬር የምታሳድግበት የተለየ ፕሮግራም አላት፤ በዚህ ፕሮግራም ከገቡት መካከል በትግራይ የስደተኛ ካምፖች ብቻቸውን የኖሩ ኤርትራውያን ልጆች ይገኛሉ። ከእነሱ ጋር አንድ ማዕድ እንቆርሳለን፤ ጾሙንና በዓሉን አብረን እንውላለን። እነሱም ኮሌጅ ሲደርሱ ፋፍሳ ይሞላሉ፤ እነሱም ዲሴምበር ላይ የሚሄዱበት ይፈልጋሉ። ከሌላ ወገን የተወለደው ልጅም ለእኔ ከእነሱ አያንስም፤ ነገር ግን «የእኛ ልጆች የሉበትም» የሚለው ከመነሻው ልክ አይደለም።

ሕጉን በተመለከተ ጸሐፊው ሁሉንም ድጋፍ አንድ ላይ ጨፍልቀውታል። የ14 ዓመት ልጅ በቤት ለማሳደግ ፈቃድ፣ ሥልጠና፣ የጣት አሻራና የቤት ምርመራ ያስፈልጋል፤ መሆንም አለበት፣ የሰው ልጅ ነውና። የማሳደጊያውን ወርሃዊ ክፍያም ሥልጠናውንም መንግሥት ይችላል። ኮሌጅ የገባ የ20 ዓመት ሰው ግን በሕግ አዋቂ ነው። ከፎስተር ኬር ከወጣ በዕረፍት ጊዜ ቤትዎ እንዲያርፍ ለመጋበዝ ፈቃድ አያስፈልግዎትም፤ ገና በፎስተር ኬር ውስጥ ካለ ደግሞ ከኬዝ ወርከሩ ጋር ተነጋግሮ መስማማት ይበቃል። ቤት ማስገባት የማይችል ሰው የፍርድ ቤት በጎ ፈቃደኛ መሆን ይችላል። ዳኛ ዴቪድ ሱካፕ በ1977 በሲያትል የጀመሩት ካሳ (CASA) የተባለው ሥራ ዛሬ በብዙ ካውንቲዎች አለ። ሠልጥኖ የተመደበው ሰው አንድን ልጅ ይከታተላል፣ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል፣ ለዳኛው የልጁን ነገር ያስረዳል። ዓመታት በዚህ ውስጥ ስቆይ በቤቴ በር ፖሊስ አላየሁም። ሶሻል ወርከር አይቻለሁ፤ ቡና ጠጥታ፣ የልጁን ክፍል አይታ፣ ስለ ትምህርቱ ጠይቃን ትሄዳለች።

ጸሐፊው የሚያውቁት፣ በዚህ ዓመት 12ኛ ክፍል የደረሰ በፎስተር ኬር ያለ ልጅ ካለ አሁኑኑ ሊያደርጉለት የሚችሉት ነገር አለ። ፋፍሳ እንደተለመደው ኦክቶበር ላይ ይከፈታል። ከዚያ በፊት ከ13 ዓመቱ በኋላ በፎስተር ኬር እንደነበር የሚገልጸውን ደብዳቤ ከኬዝ ወርከሩ ወይም ከፍርድ ቤቱ አብረውት ይጠይቁለት፤ ብዙ ኮፒ ያንሱለትና አንዱን እርስዎ ያስቀምጡለት። በ18 ዓመቱ ወይም ከዚያ በኋላ ሲወጣ የልደት ሰርተፊኬቱን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን፣ የሕክምና መዝገቡንና መታወቂያውን መንግሥት በእጁ እንዲሰጠው ከ2014 ጀምሮ በሕግ ተደንግጓል፤ መቀበሉን ይጠይቁት። የሚገባበት ኮሌጅ ለፎስተር ኬር ተማሪዎች የተመደበ ሰው እንዳለው ደውለው ያጣሩ። ዶርሙ በገና ይዘጋ እንደሆነም በዚያው ስልክ ይጠይቁ፤ ከተዘጋ የት እንደሚያድር ከኖቬምበር በፊት ይነጋገሩበት።